የባቡር መንዳት ጨዋታ ለማን ይስማማል?



በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ኡልፓን፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይና ከባንክ ስለሚመጡ ደብዳቤዎች ነው። ዛሬ ግን ስለ ጨዋታ እንጽፋለን። «ጨዋታ ደግሞ ምን ያጽፋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን በኢየሩሳሌምና በዙሪያዋ ከምናገኛቸው ቤተሰቦች መካከል አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደረሰን። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ «ልጄ የባቡር መንዳት ጨዋታ ግዙልኝ እያለ ቀንና ሌሊት ይወተውተኛል። እውነተኛውን ባቡር ቁርጥ ነው ይላሉ። ልጁ የሚጫወተው አልፎ አልፎ፣ የቤት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ይሆናል ወይስ ገንዘቤን ውኃ ይበላዋል?»

መልሱን ከመስጠታችን በፊት የአንድ ቤተሰብን ታሪክ እናስቀድም። ፈቃዳቸውን ጠይቀናል፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ለውጠናል።

አባትየው ሌሊት የጽዳት ሥራ ይሠራሉ። ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ሆነ። መጀመሪያ፣ አባትና ልጅ በያፎ ጎዳና ሲሄዱ ልጁ የአባቱን እጅ ለቆ ከሚመጣው ባቡር ፊት ሀዲዱን ሮጦ ተሻገረ። የባቡሩ ደወል ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። አባት ደንግጠው በቁጣ ጮኹበት። ልጁ ግን፣ «አባ፣ ምን ያስጮኻል? ነጂው አይቶኛል፣ ፍሬን አለው፣ ይቆማል» ብሎ መለሰላቸው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ ቀድሞ ቃል ተገብቶለት ስለነበር፣ ጨዋታው ተገዛለት።

ከሦስት ቀን በኋላ አባት ወደ እኛ መጡ። «ልጆቼ፣ ተታለልኩ» አሉን። «ባቡሩ አይሄድም። ልጁ ቁልፉን ሁሉ ይጫናል፣ ባቡሩ እንደ ድንጋይ ቆሟል። የተበላሸ ዕቃ ነው የሸጡልኝ። ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ በዕብራይስጥ ደብዳቤ ጻፉልኝ።»

ደብዳቤውን ከመጻፋችን በፊት ጨዋታውን እንይ ብለን ቤታቸው ሄድን። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ኮሌጅ የተማርን ሰዎች ሆነን ሳለ ባቡሩን ከጣቢያው ለማንቀሳቀስ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብን። ዕቃው ግን አልተበላሸም ነበር። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ስለ ባቡር ራሱ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡርና እኛ

«ባቡር» የሚለው ቃል ለብዙዎቻችን እናቶች መጀመሪያ የእህል ወፍጮ ማለት ነበር። ሰው በሚጓዝበት ምድር ባቡር በኩል ደግሞ የጎንደር ሰው ዕድል አላገኘም። ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሀዲድ መዘርጋት የተጀመረው በ1897 ነው። በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ነበር። አዲስ አበባ ያለው ጣቢያ ከፈረንሳይኛው ቃል ተወስዶ «ለገሃር» ተባለ፣ ሰፈሩም በዚያው ስም ቀረ። ሀዲዱ በምሥራቅ በኩል ስለሄደ በሰሜን ያለው ገበሬ ስለ ባቡር በወሬ ነው የሰማው።

የኢየሩሳሌም ባቡር ከዚያ ጥቂት ይቀድማል። ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የሚመጣው ሀዲድ በ1892 ተመረቀ፤ ርዝመቱ ወደ 87 ኪሎ ሜትር ነበር። ሁለቱም ሀዲዶች በፈረንሳይ ኩባንያዎች የተሠሩ ናቸው፤ የሁለቱም ሀዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን የኢየሩሳሌምና የአዲስ አበባ ባቡሮች እንደ ዘመዳሞች ይቆጠሩ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። የኢየሩሳሌሙን በ1920 እንግሊዞች አስፍተው ሠሩት።

ዛሬ ሁለቱም ከተሞች አዲስ ባቡር አላቸው። በኢየሩሳሌም በያፎ ጎዳና የሚሄደው ባቡር ሥራ የጀመረው በ2011 ነው፤ በዕብራይስጥ «ራኬቬት ካላ» ይባላል። «ካላ» ማለት «ቀላል» ማለት ነው። አዲስ አበባም በ2015 የከተማ ባቡር ሲጀመር ሰው ስሙን «ቀላል ባቡር» አለው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለመጣችሁ ቃሉ እንግዳ አይደለም። ከኢየሩሳሌም ወደ ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ፈጣን ባቡር በ2018 ተጀመረ፣ በ2019 መጨረሻ ቴል አቪቭ ድረስ ዘለቀ። በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ኢየሩሳሌም ያለው ጣቢያው፣ ይስሐቅ ናቮን የሚባለው፣ ከመሬት በታች 80 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። ልጆቻችን ለምን ባቡር እንደሚወዱ ወላጅ እንዲረዳ ነው። ልጁ እዚህ አገር ገብቶ መጀመሪያ ካያቸው ትልልቅ ነገሮች አንዱ ባቡር ነው። ሊነዳው መመኘቱ ጤናማ ነገር ነው።

ጨዋታው ምን ዓይነት ነው?

የባቡር ጨዋታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። እኛ በሦስት ከፍለን አየናቸው።

አንደኛው ዓይነት ቀላሉ ነው። ከእነዚህ ስመ ጥሩ በጃፓን አገር ታይቶ የሚባለው ኩባንያ በ1996 ያወጣው «ዴንሻ ዴ ጎ» ነው። አንድ ዘንግ ለጉልበት፣ አንድ ዘንግ ለፍሬን ብቻ አለው። የተጫዋቹ ሥራ ባቡሩን በሰዓቱ አድርሶ በተወሰነለት ቦታ ላይ አስተካክሎ ማቆም ነው። አሳልፎ ካቆመ ወይም ከዘገየ ነጥብ ይቀነስበታል። ሕፃንም ሽማግሌም በአምስት ደቂቃ ይገባዋል፤ በደንብ መጫወት ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሁለተኛው እውነተኛውን የሚከተለው ነው፤ ሲሙሌተር ይሉታል። ማይክሮሶፍት በ2001 «ትሬይን ሲሙሌተር» የሚል አውጥቶ ነበር። ዛሬ በሰፊው የሚታወቁት «ትሬይን ሲሙሌተር» እና «ትሬይን ሲም ወርልድ» የሚባሉት የዳቭቴይል ኩባንያ ሥራዎች ናቸው። በነጻ የሚገኙም አሉ፤ «ኦፕን ቢቪኢ» እና «ኦፕን ሬይልስ» ይባላሉ። በእነዚህ ውስጥ የነጂው ክፍል ከእነ መሣሪያው ተሠርቷል፣ መስመሩም በእውነት ያለ መስመር ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ በጨዋታውም አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ሦስተኛው ዓይነት ሀዲድ መዘርጋትና ከተማ ማገናኘት ነው። ይህኛው ስለ ንግድና ስለ ዕቅድ እንጂ ስለ መንዳት ስላልሆነ ዛሬ እናልፈዋለን።

የእኛ አባት የገዙት ሁለተኛውን ዓይነት ነበር፤ ልጁ የጠበቀው ግን አንደኛውን ነበር። ጠቡ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ባቡሩ ለምን አልሄደም?

መኪና ለመንዳት የለመደ ሰው ጉልበት መስጫውን ሲረግጥ መኪናው ይሄዳል ብሎ ያስባል። ባቡር እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ በሮቹ መዘጋት አለባቸው። ቀጥሎ የአቅጣጫው ዘንግ «ወደ ፊት» ላይ ይደረጋል። ከዚያ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ የአየሩ ግፊት እስኪሞላም ይጠበቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጉልበት የሚሰጠው፣ እሱም ቀስ እያለ አንድ አንድ ደረጃ። ከእነዚህ አንዱ ከቀረ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም።

የአየሩ ነገር በተለይ አባትየውን ስቧቸዋል። በብዙ ባቡሮች ፍሬኑን የሚያስለቅቀው በረጅም ቧንቧ ውስጥ የሚታመቀው አየር ነው። አየሩ ከወጣ ፍሬኑ ይይዛል። ስለዚህ ቧንቧው ቢቀደድ ወይም ፉርጎ ቢቆረጥ ባቡሩ በራሱ ይቆማል እንጂ ያለ ፍሬን አይነጉድም። አባት ይህን ስንተረጉምላቸው፣ «እንግዲያው ባቡር ሲፈጠርም የቆመ ነገር ነው፤ እንዲሄድ ሁልጊዜ ልትለምነው ይገባል ማለት ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጽሐፍም አላገኘንም።

ሌላም ነገር ነበር። ልጁ ባቡሩ መሄድ ሲጀምር ደስ ብሎት ዳቦ ሊያመጣ ወደ ማድ ቤት ሄደ። ሲመለስ ባቡሩ ሜዳ ላይ ቆሟል። በብዙ ባቡሮች ነጂው ነቅቶ እንደሆነ በየጊዜው የሚጠይቅ መሣሪያ አለ፤ ድምፅ ያሰማል፣ ነጂው ካልመለሰለት ባቡሩን ያቆመዋል። ነጂው ቢታመም ወይም እንቅልፍ ቢወስደው ተሳፋሪው እንዳይጎዳ ነው። ልጁ ተናደደ። አባት ግን ሳቁ፤ «እኔም ሌሊት ሥራ ላይ አለቃዬ እንደዚህ ነው የሚያደርገኝ» አሉ።

ከሁሉ የከበደው ግን ማቆም ነበር። ልጁ ጣቢያው ሲታየው ፍሬን ያዘ። ባቡሩ ጣቢያውን ከእነ መድረኩ አልፎት ሄዶ ከወዲያ ማዶ ቆመ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ አለፈው። በሦስተኛው «ይህ ጨዋታ ውሸታም ነው» አለ። ጨዋታው ግን አልዋሸም። የመኪና ጎማ ላስቲክ ነው፣ አስፋልቱን ይቆነጥጣል። የባቡር ጎማ ግን ብረት ነው፣ የሚሄደውም በብረት ላይ ነው። ስለዚህ በቀላሉ ይንከባለላል፤ ያ ነው ብዙ ክብደት በትንሽ ጉልበት እንዲጎትት የሚያስችለው። ያው ነገር ደግሞ ማቆሙን ያስረዝመዋል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር እስኪቆም ድረስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ጊዜ አባት ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ከልጁ ጎን ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ከበር ላይ ቆመው ነበር የሚያዩት። «ልጄ፣ እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም» አሉት። «ግን የተጫነ አህያ ቁልቁለት ይዤ ወርጃለሁ። አህያውን የምትይዘው ገደሉ አፍ ላይ ስትደርስ አይደለም። ከላይ ነው። ገና ሳይታይህ ነው ማዘግየት ያለብህ።» ልጁ መልስ አልሰጠም፤ ነገር ግን በአራተኛው ጊዜ ፍሬኑን ጣቢያው ሳይታየው ቀደም ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ያዘ። ባቡሩ ከመድረኩ ጥቂት አልፎ ቆመ። በአምስተኛው ልክ ገባ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ ደብዳቤው ያነሳብን የለም።

ከኢትዮጵያ መንገድ እስከ ዳቪድካ

በሌላ ቀን አባትና ልጅን ይዘን በእግር ወጣን። የተገናኘነው «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና፣ ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ባለበት ነው። ወደ ነቢያት ጎዳና ሲወጡም በግድግዳ ላይ በእኛ ፊደል የተጻፈ ይገኛል። ልጁ በዕብራይስጥ ያነባል፣ በአማርኛ ግን አያነብም። በየቦታው ለአባቱ የሚያነብላቸው እሱ ነው፤ በኩፓት ሖሊም፣ በባንክ፣ በአውቶቡስ። በዚህ ሰፈር ግን አባት እያነበቡ ልጅ ይሰማል። በዚያው መንገድ ኤሊዔዜር ቤን ዬሁዳ የኖረበት ቤት አለ፤ ዕብራይስጥን መልሶ የቤት ቋንቋ ለማድረግ የታገለው ሰው ማለት ነው። የራሱን ልጅ በዚያ ቋንቋ ሲያሳድግ ብዙ ነገር ገና ስም አልነበረውም። ቋንቋ እየተማረ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሚመስል ከእኛ በፊት ያየው ሰው መኖሩን ለአባት ስንነግራቸው ቆም ብለው ቤቱን አዩት።

ከዚያ በነቢያት ጎዳና ይዘን ወደ ዳቪድካ አደባባይ ወረድን። በዝግታ ቢኬድ ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በያፎ ጎዳና ላይ ቆመን ግማሽ ሰዓት ያህል ባቡሮቹ ሲመጡና ሲሄዱ ተመለከትን። ትኬት አልገዛንም፤ ማየት ነጻ ነው። ልጁ ነጂዎቹ የት ላይ ማዘግየት እንደሚጀምሩ እየቆጠረ ነበር። «እዚያ ጋ ጀመረ፤ ገና ሳይደርስ!» ይላል። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ። ከዚያ ሀዲዱን እያየ፣ «አባ፣ ያን ቀን ነጂው ቢፈልግም መቆም አይችልም ነበር አይደል?» አለ። አባት፣ «አይችልም ነበር» አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም። እኛም አልጨመርንም።

በያፎ ጎዳና ባቡርና እግረኛ በአንድ መንገድ ነው የሚሄዱት፤ አጥር የለም። አዲስ የመጡ ልጆችን «ተጠንቀቁ» እያልን ስንት ጊዜ እንደነገርናቸው አንቆጥረውም። ይህ ልጅ ግን የገባው ከእኛ ምክር ሳይሆን፣ ባቡሩን ራሱ ሊያቆም ሞክሮ ሲያቅተው ነው።

ታዲያ አልፎ አልፎ ለሚጫወት ይሆናል?

ወደ ጥያቄው እንመለስ። «ይህ ጨዋታ ለባለሙያና ለባቡር እብድ ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እኛ ባየነው ግን የሚወስነው ሰውየው በሳምንት ስንት ሰዓት ይጫወታል የሚለው ሳይሆን ትዕግሥቱ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት የሚጫወት ሰው ዝግታን ከወደደ ይስማማዋል፤ እንዲያውም ከድካም በኋላ ዕረፍት ይሆነዋል። መሽቀዳደም፣ ማሸነፍና መተኮስ የሚፈልግ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ቢጫወተውም አይስማማውም፤ በሁለተኛው ቀን ይተወዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ይህ ጨዋታ ችኩልን ይቀጣል።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው የሚከተለው ነው።

1ኛ. ከመግዛታችሁ በፊት ልጁ ሌላ ሰው ሲጫወተው በቪዲዮ ይመልከት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳይሰለቸው ካየ ጥሩ ምልክት ነው። በአምስተኛው ደቂቃ ከዘለለው ገንዘባችሁን ያዙ።

2ኛ. በነጻው ጀምሩ። ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ሁለቱ ነጻ ጨዋታዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ «ኦፕን ቢቪኢ» በአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሠራል። አዳዲሶቹ የሚሸጡት ግን ጠንካራ ኮምፒዩተር ይፈልጋሉ። ሳታጣሩ ከገዛችሁ ባቡሩ ቢሄድም ኮምፒዩተሩ አይሄድም።

3ኛ. የመመለሻውን ሕግ ዕወቁ። «ስቲም» ከሚባለው መደብር የተገዛ ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወቱበት፣ ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓቶች ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ ተጠቀሙባቸው። ሌሎች መደብሮች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አስቀድማችሁ አስጠይቁ።

4ኛ. ከተጨማሪዎች ተጠንቀቁ። የጨዋታው ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መስመርና እያንዳንዱ ባቡር ለብቻው ይሸጣል። ሁሉንም ልግዛ ያለ ሰው ብዙ ሺህ ሸቀል ያወጣል። የባንክ ካርዳችሁ በጨዋታው ውስጥ ተመዝግቦ አይቅር። አንድ መስመር በደንብ የሚያውቅ ልጅ አሥር መስመር ከነካካ ልጅ የበለጠ ይደሰታል። ደግሞም በዓመት ውስጥ ዋጋ የሚቀንስባቸው ጊዜያት አሉ፤ መጠበቅ ይቻላል።

5ኛ. ከቀላሉ ጀምሩ። በብዙዎቹ ጨዋታዎች ውስጥ ማስተማሪያ ክፍል አለ፤ ባቡሩ ተነስቶ ዝግጁ ሆኖ የሚጠብቅበት ጉዞም አለ። የጠፋ ባቡር ከማስነሳት አትጀምሩ። አጭር የከተማ ዳርቻ ጉዞ ይሻላል፤ ጣቢያ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ ማቆምን ያስተምራል፣ በግማሽ ሰዓትም ያልቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

6ኛ. ሰዓት ሳይሆን ጉዞ ቁጠሩ። «ግማሽ ሰዓት ሞልቷል፣ አጥፋ» ሲባል ልጁ በመካከለኛ መንገድ ላይ ስለሚሆን ጠብ ይነሳል። «ዛሬ አንድ ጉዞ፣ እስከዚህ ጣቢያ» ብላችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ። መድረሻው ላይ ሲደርስ ራሱ ይነሳል።

7ኛ. የቋንቋውን ነገር አትርሱ። ማስተማሪያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ «አይሠራም» ሲል «አልገባኝም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። የእኛ ልጅ ለጓደኞቹ እንግሊዝኛ አነባለሁ ብሎ ስለነበር አለመቻሉን ለመናገር አፍሮ ነበር። ቃላቱን በደብተር ይጻፍ፤ ትርጉሙን ከአስተማሪው ወይም ከታላቅ እኅቱ ይጠይቅ። አሥር ቃል ካወቀ ባቡሩ ይሄዳል።

8ኛ. ጨዋታውን ከእውነቱ ጋር አገናኙት። በያፎ ጎዳና ቆሞ ማየት ነጻ ነው። በ1892 የተሠራው አሮጌው የኢየሩሳሌም ጣቢያ «ሃታሃና ሃሪሾና» ተብሎ ከ2013 ጀምሮ መዝናኛ ቦታ ሆኗል፤ ከእሱ የሚነሳው አሮጌ ሀዲድም የእግር መንገድ ሆኖ ቤተሰብ ይንሸራሸርበታል። በሳምንት መካከል ሂዱ፤ በሻባት በኢየሩሳሌም ባቡር ስለማይሠራ ልጁ የሚያየው አያገኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለን። ጨዋታው ልጁን የባቡር ነጂ አያደርገውም። ባቡር ለመንዳት የጤና ምርመራ፣ ረጅም ኮርስ፣ ፈተናና ከልምድ ነጂ ጎን መቀመጥ ያስፈልጋል። በ2016 ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅም መጀመሪያ ያስኬዱት ቻይናውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያኑ ከእነሱ ጎን ሆነው ነው ሥራውን የተማሩት። ልጁ ግን «ትልቅ ስሆን ነጂ እሆናለሁ» ቢል አትሳቁበት። ደኅና ሥራ ነው። ከዚህ ምኞት ተነስቶ ሒሳብና እንግሊዝኛ የሚያጠና ልጅ ቢገኝ ጨዋታው ዋጋውን ከፈለ ማለት ነው።

የመጨረሻው ነገር ለአባቶችና ለእናቶች ነው። በዚህ አገር ልጆቻችን በብዙ ነገር ይቀድሙናል። ቋንቋውን፣ ስልኩን፣ ወረቀቱን እነሱ ናቸው የሚያስረዱን። ይህ ብዙ ወላጆችን ያሳፍራል፣ ከልጆቻቸውም ያርቃል። ወላጅ በር ላይ ቆሞ «አጥፋው» ብቻ የሚል ከሆነ ርቀቱ ይሰፋል። ወንበር ስቦ ከጎን ቢቀመጥ ግን የሚያውቀው ነገር የሚያገለግልበት ቦታ አያጣም። ያ አባት የኮምፒዩተሩን ቁልፍ አንድም አልነኩም። ባቡሩን ያቆመው ግን የእሳቸው ምክር ነው።

አሁን ሁለቱ በሳምንት አንድ ማታ፣ አባት ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ አንድ ጉዞ ይጓዛሉ። ልጅ ይነዳል፣ አባት ጣቢያው ሳይታይ «አሁን!» ይላሉ። ባለፈው ስንጠይቃቸው እናትየው፣ «እኔ የማውቀው ባቡር እህል ይፈጭ ነበር፤ ይኼኛው ምን ይፈጫል?» አሉን። እኛ መልስ ሳናገኝ ልጁ ቀድሞ፣ «ጊዜ!» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን።

እናንተም በቤታችሁ ያጋጠማችሁን ጻፉልን ወይም በአካል መጥታችሁ ንገሩን። ልጆቻችሁን ይዛችሁ በሀዲድ አጠገብ ስትሄዱ ግን እጃቸውን ያዙ፤ ባቡር ቢያይም ቶሎ አይቆምም።